የኢዶሳ ጡሩንባ

ሀረገወይን የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ያቺ ወረቀት እንድትቀደድ።

ልደታ ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት፣ ድሮ ሱቅ በነበረች አንዲት ክፍል፣ የሰፈር ሙዚየም ተከፈተ ሲባል ሰምታ ነው የመጣችው። ዕቃው ሁሉ ከጌጃ ሰፈር ፈራሽ ቤቶች የተለቀመ ነው፤ የበር ቁጥር፣ የቀበሌ ማኅተም፣ የውሃ ቆጣሪ። መሐል ላይ ደግሞ የዕድሩ ዕቃ ቤት ሲፈርስ ጠፋ የተባለው የአባቷ ጡሩንባ ጉብ ብሏል! ሥሩ የተለጠፈው ወረቀት «የወታደር ጡሩንባ፤ ባለቤቱ ያልታወቀ» ይላል።

«ያልታወቀ? ኧረ ወዲያ!» አለች ጮክ ብላ።

አባቷ ኢዶሳ የዕድሩ ጡሩንባ ነፊ ነበር። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ፣ ዝናብም ይሁን ብርድ፣ ሰው በሞተ ቁጥር በየጉራንጉሩ እየዞረ አርድቷል። ኢዶሳን አላውቅም የሚል ሰው ካለ፣ እሱ የዚያ መንደር ሰው አይደለም።

አስጎብኚው ሙሌ ጨዋ ልጅ ነው። ምን ያደርጋል፣ ከወረቀት ሌላ የሚያምነው ነገር የለም።

«እናቴ፣ ብቀይረው ደስ ይለኝ ነበር። ግን ማስረጃ ያስፈልጋል። የዕድሩ መዝገብ አለዎት?»

«መዝገቡም አብሮ ጠፋ።»

«እሺ፣ ምስክር?»

«ምስክርማ ሞልቶ! ከራስህ በላይ አራት ፎቅ ሙሉ የጌጃ ሰው አለልህ። ቆይ ልጥራቸው!»

ጡሩንባውን ብድግ አድርጋ ወጣች። ሙሌ «ኧረ ዕቃ መንካት ክልክል ነው! ኧረ በማርያም!» እያለ ተከተላት። የመጀመሪያው ትንፋሽ ፉስ ብሎ ቀረ። ሙሌ ሊቀበላት እጁን ዘረጋ።

«ዞር በል!»

ደረቷን ሞልታ ደገመችው። አባቷ እንደሚነፋው፣ ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም።

መስኮቶች ተከፈቱ። ደረጃው በኮቴ ተናወጠ። ወይዘሮ ሙፊዳ አንዱን እግራቸውን ጫማ አጥልቀው፣ አንዱን ሳያጠልቁ፣ ሻሻቸው ወደ ኋላ ተንሸራቶ እያለከለኩ ደረሱ። አቶ ወልደ ሚካኤል ጋቢያቸውን እየጎተቱ ከኋላ ከኋላ ይላሉ።

«ያ ረቢ! ይሄማ የኢዶሳ ጡሩንባ ነው! ማን ሞተብን?» አሉ ሙፊዳ።

«እማማ፣ በምን አወቁት?» አለ ሙሌ።

«በምን አወቅሽ ይለኛል እንዴ! የእናቴንም የባሌንም ሞት የተረዳሁት በዚሁ ድምፅ አይደል?»

ሙሌ ወደ ክፍሏ ተመለሰ። ገብቶ ወረቀቷን ላጥ አደረጋትና እስክሪብቶውን አወጣ።

«አንቺ! ማን ሞተ ነው የምልሽ?» ሙፊዳ ተቆጡ።

ሀረገወይን በድሏ ልትስቅ ነበር፤ ሳቋን ትታ ጡሩንባውን ደረቷ ላይ አቀፈችው።

«አባዬ።»

«ኢዶሳማ ከሞተ ሰባት ዓመቱ አይደል?»

«ነው። ያኔ እኛም ተበትነን፣ ጡሩንባውም ጠፍቶ፣ ለእሱ የነፋለት ሰው አልነበረም።»

ሙፊዳ ሻሻቸውን አስተካክለው ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። ወልደ ሚካኤልም አጠገባቸው ተቀመጡ።

«በይ» አሉ ሙፊዳ፣ «እዚያ ሩቅ ጀሞ ኮንዶሚኒየም የገቡት ጎረቤቶቻችን አልሰሙም። ጠንከር አድርገሽ ንፊው።»