ትራስ ሥር የተገኘው መቀስ

የፀጉር ሠሪዋ ሙያ ማበጠሪያና መቀስ ብቻ የሚመስለው ሰው ካለ ተሳስቷል። ሴቶቹ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው፣ ፎጣው ትከሻቸው ላይ ጣል ተደርጎ፣ ጣቷ ፀጉራቸው ውስጥ ሲገባ ሆዳቸው አብሮ ይፈታል። ለባል ያልተነገረው፣ ከእናት የተደበቀው ሁሉ እዚያ ይዘረገፋል። እሷ ደግሞ አንድም ቀን "ከዚያስ?" ብላ አታውቅም። ከኋላ ቆማ፣ እጇን ሳታቋርጥ፣ ዝም ነው። እዚያው ቤት ፀጉር የምታጥበው ታላቅ እህቷ "አንቺ እኮ ሰው የምታናግሪው በጣትሽ ነው" እያለች ትስቅባታለች።

ይህን ሁሉ የምታውቅ ሴት በገዛ ልጇ ጊዜ ምን እንደነካት እንጃ።

እሑድ ጠዋት ነው። አንደኛ ክፍል የገባችውን ልጇን፣ ድንቡሼን፣ እንደ ልማዷ ጉልበቶቿ መካከል አስቀምጣ ሹሩባዋን ስትፈታላት፣ ከጆሮዋ ኋላ ጣቷ ባዶ ቆዳ ነካ። ፀጉሩ ከነሥሩ ተነቅሏል፤ ዙሪያው ቀልቶ ቅርፊት ይዟል። ይሄ የማበጠሪያ ሥራ እንዳልሆነ ለእሷ ማን ይነግራታል! ደሟ ፈላ። ልጅቷን ትከሻዋን ይዛ ወደ ራሷ አዞረቻት፤ አገጯንም ቀና አደረገችው።

"ማነው እንዲህ ያደረገሽ?"

"ማንም።"

"ማንም ፀጉር አይነቅልም! ተናገሪ እንጂ! ማነው?"

"ከኋላዬ የሚቀመጠው ልጅ ነው" አለች በስንት መከራ። "መምህርቷ ሰሌዳ ላይ ስትጽፍ ይጎትተኛል።"

እናትየው ልጁን ሳታየው ስም አወጣችለት፤ ጉልቤው። ቀኑን ሙሉ በሐሳቧ አሳደገችው። ትከሻው ሰፋ፣ ቁመቱ ተመዘዘ፤ ወደ ማታ ላይ ጢም ሊያወጣ ምንም አልቀረውም።

ሰኞ ጠዋት የሥራ ሽርጧን እንዳጠለቀች፣ ድንቡሼን በእጇ ይዛ፣ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመች። "የቱ ነው?" ስትላት ድንቡሼ በአገጯ አመለከተች። ወይ ጉድ! ጉልቤው ተብዬው ቦርሳው ከራሱ የሚበልጥ፣ የአንድ እግሩ የጫማ ክር የተፈታ፣ ቁመቱ የድንቡሼን ትከሻ የማያልፍ ፍጥረት ነው። እንግዲህ ሰው የሆነ ሰው እዚህ ላይ ይመለሳል። እሷ ግን ንዴቷ ቀድሟት ደርሷል። ጎንበስ ብላ ክንዱን ጨምድዳ ያዘችና ከሽርጧ ኪስ መቀሷን መዘዝ አደረገች።

"ሁለተኛ የልጄን ፀጉር ብትነካ እነዚህን ጣቶችህን ነው የምቆርጥልህ! ሰማህ?"

ልጁ አላለቀሰም። ሱሪው ብቻ ከፊት ለፊት ቀስ እያለ ጠቆረ፤ እርጥበቱ እስከ ካልሲው ወረደ። ያኔ ድንቡሼ የያዘችውን የእናቷን ሽርጥ ለቀቀች።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ምን ይደረግ! ከዚያን ቀን ጀምሮ ድንቡሼ ወሬዋ ሁሉ "ደህና" ሆነ። ትምህርት እንዴት ነበር? ደህና። ያ ልጅስ? ደህና። ራስሽን ያምሻል? ደህና ነኝ። ድሮ ከደጅ ጀምራ እስክትተኛ አፏ የማይዘጋ ልጅ ነበረች። እናትየው ልጁ አሁንም ይጎትታት ይሁን ትቷት ይሁን ማወቅ አቃታት፤ ፀጉሯን ልታይላት ስትጠጋም ልጅቷ ራሷን በሁለት እጇ ሸፍና ትሸሻለች። የሚያስፈራት እሱ ሳይሆን ይሄ ነበር፤ ነገ የባሰ ነገር ቢደርስባት እንኳ ላትነግራት ነው።

ቅዳሜ፣ ሥራ በሚበዛበት ቀን፣ መቀሷ ጠፋ። ከፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር፣ ፎጣው መሐል፣ ፀጉር በሚጠቀለልበት የቢጎዲን ሳጥን ውስጥ ቢፈለግ የለም። እህቷን እንኳ በክፉ ዐይን አየቻት። ማታ ቤቷ ገብታ የልጇን አልጋ ስታነጥፍ ግን ትራሱ ሥር አገኘችው፤ በካልሲ ተጠቅልሎ።

"ይሄ እዚህ ምን ይሠራል?" አለች ድንቡሼን።

ልጅቷ ወደ ግድግዳው ዞረች። "ልጁን እንዳትቆርጪው ደብቄው ነው።"

እናትየው አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለችና ካልሲውን እያሻሸች ቀረች። እሷ ልጇን ላድን ብላ ተነሥታ፣ ልጇ የሰው ልጅ ከእሷ ታድናለች!

በማግሥቱ ለእህቷ ስትነግራት፣ እህትየው አልሳቀችም። "እህት ዓለም፣" አለቻት፣ "ደንበኛን በጣት የምታናግር ሴት ልጇን አገጭ ይዛ እንደ ፖሊስ ትመረምራለች? ፖሊስ እንኳ ወንበር ይሰጣል እኮ!"

ነገሩን ከሥሩ፣ ውሃውን ከጥሩ ይባላል። ሰኞ ሽርጧን አውልቃ፣ መቀሱን ቤት ትታ፣ መምህርቷ ዘንድ ገባች። ቁስሉን፣ የሚጎተትበትን ሰዓት፣ በር ላይ የሠራችውንም ጥፋት ሳትሸፍን ተናገረች። መምህርቷ "እኔም ጥፋት አለብኝ፤ ጀርባዬን ስሰጥ ምን እንደሚሆን ማየት ነበረብኝ" አለቻት። ልጁን ከፊት ወንበር፣ አጠገቧ ልታስቀምጠው፣ ወላጆቹንም ልታነጋግር ቃል ገባች።

ከዚያ ልጆቹ ተጠሩ። ፀጉር ሠሪዋ ተንበርክካ ሁለት ባዶ እጆቿን ዘርግታ ለልጁ አሳየችው።

"ያኔ አስፈራርቼሃለሁ። ትልቅ ሰው እንዲህ አያደርግም፤ ይቅርታ አድርግልኝ። ማንም ጣትህን አይቆርጥም። ፀጉር ግን አይጎተትም፤ ያማታል። እሺ?"

"እሺ" አለ ልጁ፣ እጁን ግን ከኪሱ አላወጣም። ድንቡሼ ሁሉንም ቆማ አየች።

እሑድ ሲደርስ ግን ራሷ መጥታ በእናቷ ጉልበቶች መካከል ተቀመጠች። እናትየው ቅባቱን ቀባቻት፤ ከጆሮዋ ኋላ ብቅ ያለውን አዲስ ፀጉር በጣቷ ዳበሰችው። ልጁ ትቷት እንደሆነ ልትጠይቃት ፈልጋ ነበር፤ ምላሷን ነክሳ ጥያቄዋን ዋጠችው። አንዱን ጉንጉን ጨረሰች፣ ሌላውን ጀመረች።

"እማዬ።"

"ወዬ።"

"ዓርብ ዕለት እኔ ነከስኩት።"

ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት! አዙራ አገጯን ልትይዝ እጇ ሄዶ ነበር። መልሳ ፀጉሩ ላይ አሳረፈችውና መጎንጎኗን ቀጠለች።

"ክንዱን ነው የነከስኩት። አልነካኝም እኮ፤ ዝም ብሎ ነው ሲያልፍ የነበረው" አለች ልጅቷ ፊቷን እንዳዞረች። "አለቀሰ። ለመምህርቷ ግን አልተናገረም።"

እናትየው አንድ ዙር ጎነጎነች።

"ምንም እንደማያደርገኝ አውቃለሁ። አሁንም አንቺን ይፈራል።"

ጣቶቿ ቆሙ። ለልጇ ጋሻ ሰጠኋት ብላ የነበረችው ሴት ምን እንዳስታጠቀቻት አሁን ገባት። አፈረች፤ ከደንበኞቿ ሚስጥር ሁሉ የከበደውን የሰማችው ዛሬ ነው። ዐይኗን በክንዷ ጠረገችና ፀጉሩን እንደገና ሦስት ቦታ ከፈለችው።

"ስለነገርሽኝ ደስ ብሎኛል" አለች። "የሠራሽው ግን ደስ አላለኝም። ነገ አብሬሽ እሄድና ለእሱም ለመምህርቷም ትነግሪያቸዋለሽ።"

"መቀሱን ትይዣለሽ?"

"አልይዝም። የአንቺን እጅ ነው የምይዘው።"

ድንቡሼ ትንሽ አሰበች። ከዚያ ራሷን ወደ ኋላ፣ ወደ እናቷ ጉልበት ደገፍ አደረገች። ሹሩባው ገና ግማሽ ነበር።