የሙታን የሥራ ምዝገባ

ሙታን በሥራ ፈላጊነት መመዝገብ የጀመሩት አዲሱ መመሪያ በጸደቀ በሦስተኛው ቀን፣ ረቡዕ ጠዋት ነው። ከመቃብራቸው ተነሥተው፣ አፈራቸውን አራግፈው፣ የወረዳው ጽሕፈት ቤት ሲከፈት በሩ ላይ ተሰልፈው ተገኙ። አልተጋፉም። መታወቂያ የጠፋባቸው ሦስት ሦስት ምስክር ይዘው መጥተዋል፤ ምስክሮቹም ሙታን ነበሩ።

ማራማዊት ወሬውን የሰማችው በማግስቱ ቢሮዋ ተቀምጣ ነው። ከመሥሪያ ቤቱ ባለሙያዎች በዕድሜ ትንሿ እሷ ናት፤ በስብሰባ ላይ ስሟ ካልተጠራ አትናገርም። መመሪያውን ያረቀቀችው ግን እሷ ነች። ሐሳቡ የመጣው ከበላይ ነው፦ ከእንግዲህ ለተቸገረ ሁሉ ድጋፍ አይሰጥም፤ መሥራት የሚችል ይሠራል፣ የሚደገፈው የማይችል ብቻ ነው። የሚችለውን ከማይችለው የሚለየው ቅጽ ሁለት ይባላል። በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ ሰው የማይሠራባቸው ምክንያቶች ተዘርዝረው ነበር፦ ሕመም፣ እርግዝና፣ እርጅና፣ ትምህርት፣ ሞት። ከነዚህ አንዱ የሌለበት ሰው መሥራት ይችላል።

የክፍሉ ኃላፊ አቶ ድንበሩ ቅጹ በአንድ ገጽ እንዲያልቅ አዘው ነበር። አንድ መስመር ተርፎ ሁለተኛው ገጽ ላይ ወደቀ። ማራማዊት የመጨረሻውን መስመር ሰረዘችው። አምስት ሰዎች አንብበው ፈረሙ፤ የጎደለ ነገር አለ ያለ አልነበረም።

ሙታኑ ጎበዝ ሠራተኞች ሆኑ። ለምሳ አይወጡም፣ ልጅ ታመመብኝ አይሉም፣ ለቅሶ አለብኝ ብለውም አይቀሩም። በሁለተኛው ሳምንት የወረዳው ክር ፋብሪካ ሠላሳ ሕያዋንን አሰናብቶ ሠላሳ ሙታን ቀጠረ። ከተሰናበቱት አንዷ የማራማዊት እናት ወይዘሮ አሰገደች ናቸው። ማጠንጠኛው ማሽን ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ቆመዋል። በቦታቸው የተመደቡት ከስድስት ዓመት በፊት የሞቱት ባላቸው አቶ ግዛቸው ናቸው።

ወይዘሮ አሰገደች ሽርጣቸውን ሊወስዱ ሲገቡ ፊት ለፊት ተያዩ።

«ግዛቸው፣ ዞር በል ከማሽኔ።»

«አለቃ አዞኝ ነው» አሉ አቶ ግዛቸው፣ ዓይናቸውን ከክሩ ሳያነሡ።

«በሕይወትህ አንድ ሥራ ላይ ሦስት ወር ያልጸናህ ሰውዬ! ትጋት የመጣልህ ከሞትክ በኋላ ነው?»

«አሁን ወገቤን አያመኝም።»

«ቤትህስ? አትመጣም?»

አቶ ግዛቸው የተበጠሰ ክር ቀጠሉ። «እንቅልፍ የለኝም። ምን ልሠራ እመጣለሁ?»

ወይዘሮ አሰገደች ከዚያ ወጥተው በቀጥታ ወረዳ ሄዱ፤ ድጋፍ ሊጠይቁ።

«ባለቤትዎ ይሠራሉ?» አለቻቸው በመስኮቱ ያለችው ሠራተኛ።

«ሞቷል።»

«የጠየቅኩዎት ይሠራሉ ወይ ብዬ ነው።»

«ይሠራል።»

«ሠራተኛ ያለበት ቤት አይደገፍም። ቀጣይ!»

ማታ ለልጃቸው ራት አቀረቡላት። ሳህኑን ሲያነሡ፣ ጀርባቸውን እንደሰጧት፣ «ክር እያጠነጠንኩ አስተማርኩሽ። አንቺ ደግሞ በብዕር በጠስሽኝ» አሉ።

ማራማዊት በማግስቱ ማስተካከያውን ይዛ አቶ ድንበሩ ዘንድ ገባች። ማስተካከያው አንድ ቃል ነው።

«ጋሽ ድንበሩ፣ ቅጽ ሁለት ላይ የቀረ ነገር አለ።»

«ምን?»

«ሞት።»

አቶ ድንበሩ መነጽራቸውን አወለቁ። «ሥራ ላይ ያለው ሰው ቁጥር በእጥፍ አድጓል። ሪፖርቱ ሄዷል። አሁን ሞትን መልሰን ብናስገባ፣ ዕድገቱን ማን ይዞልን ይቆያል?»

«ሕያዋን ከሥራ እየወጡ ነው። እናቴም...»

«ይወዳደሩ።»

«በምን?»

«እሱን እኔን አትጠይቂኝ፤ መመሪያውን የጻፍሽው አንቺ ነሽ።» መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። «እንዲያውም ከመጣሽ አይቀር፣ ክር ፋብሪካው ደብዳቤ ጽፏል። ከሙታን በቀር እንዳይመደብለት ይጠይቃል። አንቀጹን እስከ ዘጠኝ ሰዓት አድርሺልኝ።»

ማራማዊት እንቢ ልትል አፏን ከፈተች። መልሳ ዘጋችው። አቶ ድንበሩ ዝምታዋን እንደ እሺታ ቆጥረው ስልክ አነሡ። አንቀጹ በስምንት ሰዓት ተኩል አለቀ፤ አጭርና ግልጽ ነበር።

አንቀጹ በጸደቀ ማግስት ወይዘሮ አሰገደች በማለዳ ተነሥተው ታጥበው ለበሱ።

«ፋብሪካው ሰው ይፈልጋል። ልሄድ ነው።»

«እማዬ፣ የሚቀበሉት ሙታንን ብቻ ነው።»

«አውቃለሁ። ያንቺ አንቀጽ አይደል?»

ማራማዊት ተከተለቻቸው። እናቷ ዳገቱን እያለከለኩ ወጡ፤ ሁለት ጊዜ ቆመው «እግርሽን አንሺ እንጂ፣ ወጣት አይደለሽ?» ብለው ተቆጧት። ፋብሪካው በር ላይ ሰልፉ ረጅም ነበር። ጥበቃው ትንሽ ክብ መስተዋት ይዞ፣ በእያንዳንዱ ሰው አፍ ላይ እየደቀነ እስከ ሃያ ይቆጥራል። መስተዋቱ ጉም ከለበሰ በእጅጌው ጠርጎ ሰውየውን ይመልሰዋል። የተመለሱት ራቅ ብለው ቆመው ሰልፈኞቹን ይሳደባሉ።

«እናንተ ሬሳዎች! የልጆቻችሁን ጉሮሮ ዘጋችሁ!»

ሰልፈኞቹ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ተጠጉ።

«እማዬ፣ እንመለስ» አለች ማራማዊት። «ይይዙሻል።»

«ዝም በይ። ዝም ማለት ታውቂበት የለም ወይ?»

ተራቸው ደረሰ።

«አፍዎን ይክፈቱ፣ እናቴ» አለ ጥበቃው።

ወይዘሮ አሰገደች ከፈቱ። ጥበቃው መስተዋቱን አስጠግቶ መቁጠር ጀመረ። ማራማዊት ከጎን ሆና አየች፦ የእናቷ ከንፈር፣ የላይኛው ወላቃ ጥርሳቸው፣ ምላሳቸው፣ ሁሉም መስተዋቱ ውስጥ ጥርት ብሎ ይታያል። ጥበቃው ሃያ ደረሰ። ተጠራጥሮ እስከ አርባ ቀጠለ።

«ይለፉ።»

ወይዘሮ አሰገደች ሽርጣቸውን አሰሩ፤ ወደ ልጃቸው ዘወር አሉ። ማለክለካቸው ቆሟል።

«ሂጂ፣ ቢሮ ይረፍድብሻል» አሏት፤ ገቡም።

ጥበቃው በልማድ መስተዋቱን በእጅጌው ሊጠርግ አነሣው። የሚጠረግ ነገር አልነበረበትም።