የኃይለሚካኤል ቀኝ እጅ

ብሩክታይት ሰውየውን ከማየቷ በፊት ስሙን ነበር ያየችው። ካርዱ ላይ «ኃይለሚካኤል ደጉ፣ 68 ዓመት፣ ስትሮክ፣ ቀኝ ጎን» ተብሎ ተጽፏል። ሁለት ጊዜ አነበበችው። በእነሱ ቤት ከነአባቱ ስም የሚጠራ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እናቷ የሻሽወርቅ «ኃይለሚካኤል ደጉ» ስትል ድምጿ ይለወጥ ነበር።

ገርጂ ውስጥ ባለ ትንሽ የግል ክሊኒክ ፊዚዮቴራፒስት ሆና ስትሠራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ ገባች። ሰውየው ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጧል። የአፉ ቀኝ ጥግ ወደ ታች ወርዷል፤ ቀኝ እጁ ጭኑ ላይ የሌላ ሰው ይመስል ተጋድሟል። አጠገቡ የቆሙት ባለቤቱ ወይዘሮ አሰገደች ናቸው።

«ዶክተር፣ ወር አልሞላውም» አሉ። «በጊዜ ከተሠራለት ይመለሳል ብለውናል። እባክሽ የኔ ልጅ።»

«ብሩክታይት እባላለሁ» አለች። የአባቷን ስም አልጨመረችም።

አባቷ ኢስሐቅ ሎምበሶ የአንድ መንግሥታዊ ድርጅት መጋዘን ኃላፊ ነበር። እሷ አሥር ዓመት ሲሆናት ከመጋዘኑ የመኪና መለዋወጫ ጠፋ። ኃይለሚካኤል የሥራ ባልደረባው ነበር፤ እቤታቸው እየመጣ የሚበላ፣ እሷን ጉልበቱ ላይ የሚያስቀምጥ ሰው። ፍርድ ቤት ቀርቦ፣ ቀኝ እጁን አንሥቶ ማለና «እሁድ ዕለት ዕቃውን ጭኖ ሲወጣ በዓይኔ አይቼዋለሁ» አለ። ኢስሐቅ እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ቀርቶ አያውቅም። ቢሆንም የገዛ ቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች እንኳ «ጉዳዩ እስኪጣራ» ብለው ከአገልግሎት አወረዱት። ሦስት ዓመት ታሰረ። ሲወጣ ያስለው ነበር፤ ዓመት ሳይሞላው ሞተ። መለዋወጫውን የሸጠው ሌላ ሰው መሆኑ ኋላ ታወቀ። ያኔ በኢስሐቅ ወንበር ላይ የተቀመጠው ኃይለሚካኤል ነበር።

አሁን እጁ በእጇ ላይ ነው። ክብደቱን መዘነችው። ጣቶቹን ዘረጋጋች። ጡንቻው አልሞተም፤ ብትሠራበት ይመለሳል። ይህን ስታውቅ የተሰማት ርኅራኄ አልነበረም። ደስታ ነበር።

አላቆሰለችውም፤ እንዲህ ዓይነት ሰው አይደለችም። እግሩን አሳምራ ሠራችለት። በአምስተኛው ሳምንት የመደገፊያ ብረት ይዞ ቆመ፤ በስምንተኛው ከመጋረጃው እስከ በሩ ተራመደ። ወይዘሮ አሰገደች እልል አሉ። እጁን ግን ታሻሸዋለች፣ ከፍ ዝቅ ታደርገዋለች፣ ትመልሰዋለች። ሊነቃ የሚችልባቸውን መልመጃዎች አንዱንም አላሠራችውም። መዝገቡ ላይ ግን ሁሉንም «ተሠርቷል» ብላ ትጽፋለች።

«ቤት ውስጥ ላንቀሳቅስለት?» ሲሉ ወይዘሮ አሰገደች ጠየቋት።

«እጁ ይረፍ፤ አያስጨንቁት» አለች። አነጋገሯ ለስላሳ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ወራት ዳግም እንደማይገኙ ታውቃለች። እያንዳንዱ ሳምንት ሲያልፍ ደስ ይላት ነበር። አንድ ቀን ኃይለሚካኤል የሸሚዙን ቁልፍ በግራ እጁ ሊቆልፍ ሲታገል አየችው። ሞከረ፣ አቃተው፣ ሞከረ፣ ከዚያ አለቀሰ። መሀረብ አቀበለችውና ዞር ብላ በሆዷ «አባቴም አልቅሷል» አለች። የዚያን ዕለት ምሳዋ ጣማት።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሰሚት በሚገኘው፣ አባቷም ያገለግልበት በነበረው ቤተ ክርስቲያኗ ለአዲስ አማኞች የደቀ መዝሙርነት ትምህርት ታስተምር ነበር። ከተማሪዎቿ አንዷ ሔዋን ናት፤ ሾላ ገበያ ቅመማ ቅመም የምትሸጥ፣ የመጣላትን ሳታቅማማ የምትጠይቅ ሴት።

«እኔ አሥር ዓመት ያላናገርኳት እህት አለችኝ» አለች አንድ ቅዳሜ። «እጮኛዬን ነው ያገባችው። እንደዚህ ሆኜ ልጠመቅ እችላለሁ?»

ሁሉም ወደ ብሩክታይት ዞሩ። መልሱ አፏ ላይ ነበር፤ ለዓመታት ስትሰጠው የኖረችው መልስ ነው።

«ጌታን በግማሽ ልብ መከተል አይቻልም» አለች። «ሰው ገንዘቡን ይሰጣል፣ ጊዜውን ይሰጣል፣ ይጾማል፣ ያገለግላል። አንዲት ክፍል ግን ይቆልፋል። ያቺን ክፍል እስኪከፍት ድረስ ደቀ መዝሙር ሳይሆን ተመልካች ነው። ሂጂና እህትሽን አግኚያት።»

ሔዋን አንገቷን ደፋች። ብሩክታይት የገዛ ድምፅዋን ሰማችውና ቶሎ ብላ ወደሚቀጥለው ርዕስ አለፈች።

በሳምንቱ ሔዋን ዓይኗ አብጦ መጣች። ከመገናኛ ታክሲ ይዛ አያት ድረስ ሄዳለች። እህቷ በሩን ዘጋችባት። ፀሐይ ላይ ቆማ ጠበቀች። ከአንድ ሰዓት በኋላ በሩ ተከፈተ። «ምን እንደተባባልን አላስታውስም» አለች። «ብቻ ቀለለኝ። መምህር፣ አንቺ ባትነግሪኝ አላደርገውም ነበር።» ክፍሉ አጨበጨበ። ብሩክታይትም አጨበጨበች። በዚያች ቅጽበት የጠላችው ኃይለሚካኤልን ብቻ አልነበረም፤ ሔዋንንም ጠልታት ነበር። ማታ ልትጸልይ ተንበርክካ ቃል አጣች። እንዲህ ከሆነች ሰነባብታለች፤ ድካም ነው ትል ነበር።

በአራተኛው ወር የኃይለሚካኤል ንግግር ተስተካከለ። እጁ ግን ደረቀ፤ ጣቶቹ ወደ ውስጥ ታጠፉ። ብሩክታይት ሥራዋ እንዳለቀ አወቀች። አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል፤ ማን እንደቀጣው ማወቅ አለበት። አንድ ሐሙስ ከሰዓት ወይዘሮ አሰገደች መኪና ሊጠሩ ሲወጡ መጋረጃውን ሳበችና ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«ኢስሐቅ ሎምበሶን ያውቁታል?»

ይደነግጣል ብላ ጠብቃ ነበር። አልደነገጠም። ቀስ ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

«ከመጀመሪያው ቀን አውቄሻለሁ» አለ። «ዓይንሽ የሱ ነው።»

«አውቀኸኝ ነው?» «እርስዎ» የሚለው ከአፏ ጠፋ።

«መጀመሪያ ፈራሁ። አሰገደችን ሌላ ቦታ ውሰጂኝ ልላት ነበር። ኋላ አየሁሽ። እግሬን አቆምሽልኝ። አንድ ቀን አልጮህሽብኝም። እኔን ማን እንደሆንኩ እያወቀች ነው እንዲህ የምትሆንልኝ አልኩ። የኢስሐቅ አምላክ እውነተኛ ነው አልኩ።» ደረቁን እጁን በግራው አነሣው። «ይሄ አለመዳኑ ይገባኛል። የማልኩበት ነው። አንቺን ግን ሳይሽ፣ ይቅር ተብያለሁ ማለት ነው ብዬ እጸናና ነበር።»

ብሩክታይት ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ስታልመው የኖረችው ይህን አልነበረም። እሷ ስትቀጣው እሱ ሲያመሰግንባት ኖሯል። ዝም ብትል ምስጋናው የእሷ ሆኖ ይቀራል፤ በአባቷ ስም የተደረገ ምስጋና። ያንን መሸከም አልቻለችም።

«ውሸት ነው» አለች። «ይቅር አላልኩህም። እጅህን የያዘው እግዚአብሔር አይደለም፤ እኔ ነኝ። መዳን ይችል ነበር። ማሠራት ያለብኝን አላሠራሁህም። ሆን ብዬ ነው።»

መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ፊቱ ተቀያየረ፤ ግራ እጁን አንሥቶ በጥፊ መታት። በስትሮክ ከተመታ ወዲህ በዚያ ጉልበት ምንም አድርጎ አያውቅም።

«አንቺም እንደ እኔው ነሽ!» አለ። «አንቺም እንደ እኔው ነሽ!»

ወይዘሮ አሰገደች ጩኸቱን ሰምተው ገቡ። ብሩክታይት ጉንጯን ይዛ ሁሉንም ደገመችላቸው፤ የመሐላውንም የእጁንም። ሴትየዋ ስለ መሐላው ሰምተው አያውቁም ነበር። ባላቸውን አዩ፣ እሷን አዩ።

«እኔ ላንቀሳቅስለት ስልሽ ይረፍ ያልሽኝ ለዚህ ነው?» አሉ። «እግዜር ይይልሽ።» ከዚያ ወደ ባላቸው ዞሩ። «አንተንም።»

ብሩክታይት በዚያው ዕለት ለክሊኒኩ ኃላፊ ያደረገችውን በጽሑፍ ሰጠች። ጉዳይዋ ለሙያ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት እስኪቀርብ ከሥራ ታገደች። ከቤተ ክርስቲያኗ ሽማግሌዎች አንዱ የሆኑትን ጋሽ እዝራን ቢሯቸው ሄዳ አገኘቻቸው።

«አራት ወር ሙሉ! ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም?» አሏት።

«ብነግርዎት ያስቆሙኝ ነበር። ማቆም አልፈለግሁም።»

«የቅዳሜውን ክፍል ሌላ ሰው ይይዘዋል» አሉ ጋሽ እዝራ። ሔዋን ስትጠመቅ ብሩክታይት ከኋላ ወንበር ተቀምጣ አየች። ሔዋን ከውኃው ስትወጣ በዓይኗ ፈለገቻት፤ ብሩክታይት ግን ፊቷን አዞረች።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ቀድሞ ታስተምርበት በነበረው ሰዓት፣ ጉርድ ሾላ ወደሚገኘው የኃይለሚካኤል ቤት መሄድ ጀመረች። ሦስት ሳምንት በሩ አልተከፈተላትም። መልመጃዎቹን በወረቀት ጽፋ በበሩ ሥር እያስገባች ተመለሰች። በአራተኛው ወይዘሮ አሰገደች ከፈቱ። ሌላ ባለሙያ አሳይተውት ነበር።

«ጊዜው አልፏል አለን» አሉ። «ግቢ። ያበላሸሽውን እይው።»

ኃይለሚካኤል በረንዳ ላይ ተቀምጦ ነበር። አላያትም።

«ለምን መጣሽ?»

«እጅዎን ልሠራ።»

«ይድናል?»

«እንደ ድሮው አይሆንም። ብርጭቆ መያዝ ይችሉ ይሆናል። ላይችሉም ይችላሉ።»

ኃይለሚካኤል በግራ እጁ ቀኙን አንሥቶ የወንበሩ መደገፊያ ላይ አኖረው፤ ፊቱን ግን ወደ ግድግዳው እንዳዞረ ነበር።

ያን ቀንም ሆነ በሚቀጥለው ጥላቻዋ አልለቀቃትም። የታጠፉትን ጣቶች ስትዘረጋ ሲያቃስት፣ ውስጧ ያለው አሮጌ ነገር ደስ ይለው ነበር። ልዩነቱ አሁን ታውቀዋለች። ሲነሣባት እጇን ላላ ታደርግና «አመመዎት?» ብላ ትጠይቀዋለች። ጸሎት የምትለው ይኸው ብቻ ሆኗል። አንዳንድ ቅዳሜ ታክሲ ውስጥ ሆና ልመለስ ትላለች። አልተመለሰችም።

በሰባተኛው ሳምንት ኃይለሚካኤል ራሱ ቀድሞ ተናገረ።

«እናትሽ በሕይወት አለች?»

«አለች።»

«አምጪልኝ። በሐሰት መማሌን በፊቷ ልናገር።»

የሻሽወርቅ ምስር ስትለቅም ነበር መልእክቱን የሰማችው። ሰፌዱን አላስቀመጠችም።

«ሲዋሽ ሰው በተሰበሰበበት ነው የዋሸው» አለች። «አሁን በረንዳው ላይ ለኔ ብቻ ሊያንሾካሹክልኝ ነው?»

«እማዬ፣ ታሟል እኮ።»

«አባትሽም ታሞ ነበር። አንቺ ሂጂ፤ አልከለክልሽም። እኔ ገና ነኝ።»

ብሩክታይት ልትመክራት አፏን ከፈተች። የምትለውን ሁሉ ታውቀዋለች፤ ለስንቱ ብላዋለች። ዘጋችው።

ቅዳሜ ለኃይለሚካኤል እናቷ ያለችውን አንድም ቃል ሳትቀንስ ነገረችው። ወይዘሮ አሰገደችም በሩ ላይ ቆመው ይሰማሉ።

«ልክ ናት» አለ። «ያኔ አባትሽን ከአገልግሎት ያወረዱት ሽማግሌዎች፣ አሉ?»

«ሁለቱ አሉ። አንዱ ጋሽ እዝራ ናቸው።»

«እሁድ ቤተ ክርስቲያናችሁ ውሰጂኝ። ሰው በተሰበሰበበት ልናገር። እናትሽ ብትፈልግ ትምጣ፣ ባትፈልግ ትቅር።»

ብሩክታይት በሕዝብ ፊት በብረቱ ተደግፎ ሲቆም፣ አንደበቱ ሲተሳሰር በዓይነ ኅሊናዋ አየችው። ሲዋረድ ለማየት ጓጓች። መጓጓቷንም ወዲያው አወቀችው።

«ሲናገሩ አጠገብዎ እቆማለሁ» አለችው። «እኔም ያደረግሁትን እናገራለሁ።»

ኃይለሚካኤል ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን ከግድግዳው መልሶ አያት። ወይዘሮ አሰገደች ከበሩ ላይ «እኔም እመጣለሁ» አሉ፤ ለማን እንደሚመጡ ግን አልተናገሩም። ብሩክታይት ወንበሯን ሳበችና አውራ ጣቱን ይዛ መዘርጋት ጀመረች።