አብዶ ባህሩ የቆጠራቸው አባቶች

ከድር አብዶ ልጁን ሱልጣንን ፊደል ከማስቆጠሩ በፊት አባቶቹን አስቆጥሮታል። ይህን የሚሰማ የሌላ አገር ሰው «ምን ያደርግለታል?» ይል ይሆናል። የሆሳዕና ሰው ግን አይልም። በእኛ አገር ሚስት ሊጠይቅ የሄደ ሰው ከበሬውም ከመሬቱም በፊት የሚጠየቀው አባቶቹን ነው። እስከ ሰባት ይቆጥራል፤ የልጅቷም ወገን ይቆጥራል፤ አንድ ስም ከገጠመ ዘመድ ናችሁ ተብሎ ነገሩ እዚያው ይቀራል። መቁጠር ያቃተው ደግሞ ከዚያም የባሰ ነው፤ ማን እንደሆነ አይታወቅምና ሐሜቱ እስከ ልጅ ልጁ ይከተለዋል።

ሱልጣን ታዲያ ገና በልጅነቱ ቆጠራውን እንደ ውሃ ነበር የሚጠጣው። «ሱልጣን የከድር፣ ከድር የአብዶ፣ አብዶ የመንሱር፣ መንሱር የሙባረክ፣ ሙባረክ የሰሊም፣ ሰሊም የፈትሂ፣ ፈትሂ የላምቦሬ፣ የባለ ዋርካዎቹ።» ከራሱ በላይ ሰባት፣ አንድ ሳይጎድል።

አያቱ አብዶ ከባሕር የመጣ ሰው ነው። ይሄ አገር ያወቀው ፀሐይ የሞቀው ነገር ነው። በልጅነቱ የሰው ሌባ ወሰደው፤ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ባሕር ዳርቻ ደረሰ፤ ዕድሜውን ሳንቡክ በሚሉት ባለ ሸራ የእንጨት መርከብ ላይ ሲያገለግል ኖሮ ጎልምሶ ወደ ሆሳዕና መጣ። ቋንቋውን ጨርሶ ረስቶት ነበር። የዚያን ጊዜ ሽማግሌዎች ከበው በአስተርጓሚ «የማን ልጅ ነህ? ቁጠር» ሲሉት ግን ምንም ሳያመነታ ቆጠረላቸው። ሰው ነው፣ አባት አለው ብለው መሬት ሰጡት። አገባ፣ ከድርን ወለደ፣ «አብዶ ባህሩ» እየተባለ ኖሮ አረፈ። ዘመዱ ነኝ ብሎ የመጣ ግን አንድም አልነበረም።

ነገሩ የተነሳው በሃምሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት ክረምት ነው። ሱልጣን ያን ጊዜ ሾፌር ነበር። ኤንትሬ የሚባለውን ከባድ የጣሊያን መኪና ይዞ ቡና ወደ አሰብ ያወርዳል፣ ጨው ጭኖ ይመለሳል። አይሻ ደግሞ የጨርቅ ነጋዴው የሐጂ ረሺድ ልጅ ናት፤ ሱቃቸው ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ነው። ሱልጣን በዚያ ዓመት ስንት ሸሚዝ እንዳሰፋ አትጠይቁኝ። ጨርቅ ሊገዛ ይገባና ልቡን ጥሎ ይወጣል። መንደሩም አወቀበት። የሆሳዕና ሰው ወሬን አላምጦ ነው የሚውጠው ይላሉ፤ ውሸት ነው፣ ሳያላምጥ ነው የሚውጠው።

ሽማግሌ ተላከ። በልጅቷ ወገን የተቀመጡት አቶ ዋለ ናቸው። እሳቸው የሚሲዮን ሰው ናቸው፣ ሐጂ ረሺድ እስላም፤ ግን በዘር ቆጠራ ጉዳይ ሁሉም የሚያምነው አቶ ዋለን ነው። የሰውን አባቶች ከባለቤቱ በላይ ያውቃሉ። ሱልጣን ቆሞ ሲቆጥር ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙት።

«አቆጣጠርህ ያምራል» አሉት። «ግን እኔ እነዚህን ሰዎች አላውቃቸውም። መንሱር የት ተቀበረ? ሙባረክ የማንን ልጅ አገባ? በምድር ላይ የኖረ ሰው እኮ ሌላው ቢቀር አንድ የድንበር ጠብ ትቶ ይሞታል። የአንተዎቹ ከማንም ጋር ሳይጣሉ ነው ያለፉት?»

ሰው ሳቀ። ሱልጣን አልሳቀም። አባቱ ከድርም መሬት መሬት ያይ ነበር።

ሐጂ ረሺድ ክፉ ሰው አልነበሩም። «ልጄ፣ አልጠላሁህም» አሉ። «ዘር ግን ከልጓም ይስባል። ከነዚህ ሰዎች አንዱን የሚያውቅ አንድ ምስክር አምጣልኝ። እስከ መስቀል እጠብቅሃለሁ። ከዚያ በኋላ ለጠየቀኝ ለሌላው ሰው ቃሌን እሰጣለሁ።»

ሱልጣን ቤቱ ገብቶ እህል አልቀመሰም። ሲያወጣ ሲያወርድ ቆይቶ አንድ ነገር ታየው። አያቱ የመጣው ከባሕር ነው፤ የሚያውቀው ሰው ካለም ያለው እዚያው ባሕር ዳር ነው። እሱ ደግሞ አሰብን እንደ ጓሮው የሚመላለስበት ሰው ነው። እስከዛሬ ጨው ከመጫን በቀር ምን ጠይቆ ያውቃል?

በቀጣዩ ጉዞ ቡናውን እንዳራገፈ ወደ ባሕሩ ወረደ። ያገኘውን ሽማግሌ ሁሉ እየጠየቀ ሲሄድ ናኾዳ ያሲን ዘንድ ላኩት። ናኾዳ ማለት የሳንቡክ አዛዥ ነው። ናኾዳ ያሲን ግን ያን ጊዜ እርጅና ተጭኗቸው ከግንብ ጥላ ሥር ተቀምጠው የሰው ሸራ ይሰፉ ነበር። ሱልጣን ሻሂ አስመጣላቸው፣ አጠገባቸው ተቀመጠ፣ ማን እንደሆነና ምን እንደሚፈልግ ነግሯቸው አባቶቹን ቆጠረ።

አዛውንቱ መርፌያቸውን አቆሙ። «እንደገና በለው።»

እንደገና አለው።

«አብዶ!» አሉ። «አብዶ ሀበሺ። በመንሱር ላይ አብረን ሠርተናል።»

ሱልጣን ወደ አዛውንቱ ጠጋ አለ። «መንሱርን ያውቁታል? አባቱን?»

«አባቱ?» ናኾዳ ያሲን ትክ ብለው አዩት። «ልጄ፣ መንሱር ሰው አይደለም። መንሱር ሳንቡክ ነው። ከሞካ ቡና የምናመላልስበት። ሙባረክም ሳንቡክ ነው፤ ከዳህላክ ወዲያ ዕንቁ የሚወጣበት። ሰሊምም እንደዚሁ። ፈትሂ ትንሿ ነበረች፤ ልጅ ሆኖ መጀመሪያ የሠራው በሷ ላይ ነው። ነፋስ ጠፍቶ ቆመን ስንውል መርከበኛው ሁሉ አባቶቹን ይቆጥራል። አብዶ ተራው ሲደርስ ያገለገለባቸውን መርከቦች ይቆጥር ነበር። በመጀመሪያው ጊዜ ሳቅንበት። ከዚያ በኋላ ማንም አልሳቀም።»

ሱልጣን አፉን በእጁ ያዘ። ሰባት አባት ይዞ ወርዶ ሁለት ይዞ ሊመለስ ነው። ሲነሳ ግን የመጨረሻው ስም ትዝ አለውና ዞር ብሎ «ላምቦሬስ? እሱስ የምን መርከብ ነው?» አላቸው።

ናኾዳ ያሲን አሰቡ፣ አሰቡ። «ላምቦሬ የሚባል መርከብ አላውቅም። በዚህ ባሕር የማላውቀው መርከብ ደግሞ የለም» አሉት።

በመንገዱ ሁሉ ይህችን ነገር ሲያላምጥ ሆሳዕና ደረሰ። ጳጉሜ ገብቷል። ለአባቱ ሁሉንም ነገረው። ከድር መጀመሪያ ተቆጣ፣ ቀጥሎ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ዕድሜ ልኩን የኮራባቸው አባቶች እንጨትና ሸራ ሆነው ተገኙ፤ ምን ያድርግ?

«አባቴን አልፈርድበትም» አለ። «የነበረውን ቆጠረ። መሬት ከሰጡት በኋላ ‹የተሳሳታችሁት ነገር አለ› ማለት የማን ጉልበት ነው? አሁን ግን ስማኝ። ሽማግሌው መንሱርን አውቀዋለሁ ብሎሃል?»

«ብሎኛል።»

«ሙባረክንም?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ሄደህ ‹የሚያውቃቸው ሰው አሰብ ላይ አገኘሁ› በል። ቃሉ ውሸት የለበትም። አሰብ ድረስ ወርዶ የሚያጣራ የለም።»

እውነቱን ለመናገር ሱልጣን ተፈትኗል። ሌላ ነው የምትሉ ካላችሁ ወዳችሁ አታውቁም። በማግስቱ ወደ ሱቁ ሄዶ ለአይሻ በዝግታ አጫወታት፤ አባቱ ያለውንም አልደበቀም። አይሻ ክንዷን የሞላ አቡጀዲ እየለካች ነበር። አጥፋ አስቀመጠችው።

«አባቴን ማታለሉ ይቻላል» አለችው። «ነገ ልጅ ስወልድ ግን የማስቆጥረው እኔ ነኝ። መርከብ መሆናቸውን እያወቅሁ እንዴት ብዬ አባቶችህ ናቸው እለዋለሁ?»

ሱልጣን እዚያው ቆርጦ ወደ ሐጂ ረሺድ ቤት አመራ። አቶ ዋለ ተጠሩ፣ ከድርም እያጉረመረመ መጣ። ሱልጣን ቆሞ፣ ዓይኑን ሳይሰብር፣ ናኾዳ ያሲን የነገሩትን አንድ ሳያስቀር ተናገረ። «እንግዲህ ከአብዶ በላይ አባት የለኝም። ዋሽቼ አይሻን ከምወስድ እውነቱን ተናግሬ ባጣት ይሻላል ብዬ ነው። ይሻላል ስላችሁ ግን ቀላል ሆኖልኝ አይደለም።»

ሐጂ ረሺድ ጢማቸውን ያዙ። አቶ ዋለ በጣታቸው ጉልበታቸው ላይ ይቆጥሩ ጀመር። ቆጠሩ፣ አቆሙ፣ እንደገና ቆጠሩ።

«መርከቦቹን አውጣቸው» አሉ። «አውጣና ቁጠር።»

«ሱልጣን የከድር፣ ከድር የአብዶ፣ አብዶ የ...» ሱልጣን ቆም አለ። «አብዶ የላምቦሬ። የባለ ዋርካዎቹ።»

«እህ!» አሉ አቶ ዋለ። «እኛ ሞኞቹ ሰባተኛ ላይ ስንፈልገው ሰውየው ሦስተኛ ላይ ተቀምጧል። ሰባት ትውልድ ወዲያ ያለን ላምቦሬ ማን ያውቀዋል? የአብዶ አባት ከሆነ ግን የእኔ አያት ዘመን ሰው ነው። በሀደሮ መንገድ፣ ከምባታ ውስጥ፣ ሁለት ዋርካ በር ላይ የቆሙበት ቤት አለ። የላምቦሬ ቤት ነው የሚሉት። እስከዛሬ የላምቦሬ ቤት ነው የሚሉት!»

ዝናቡ እስኪቀንስ ጠብቀው የተሳፈሩት በመስቀል ማግስት ነው፤ ሐጂ ረሺድ፣ አቶ ዋለ፣ ከድርና ሱልጣን፣ በዚያው በኤንትሬው። ጭቃው ሁለቴ አስወረዳቸው። ሐጂ ጋቢያቸውን ሰብስበው ሲገፉ ያየ ሰው ለዓመት የሚሆን ጨዋታ አግኝቷል። ዋርካዎቹ ከሩቅ ታዩ። አንደኛው አርጅቶ ግማሹ ደርቋል፣ ሁለተኛው አሁንም ጥላው ሰፊ ነው።

የቤቱ ባለቤት እማማ ጣቢታ ይባላሉ። ስሙን ያገኙት በስተርጅና ሲጠመቁ ነው። ዓይናቸው ደክሟል፣ ጆሯቸው ግን ደህና ነው። ከተቀመጡበት መደብ አጠገብ በኮባ የተሸፈነ አንድ ገበታ ነበር። አቶ ዋለ በከምባትኛ ሰላምታ ሰጥተው የላምቦሬ ልጅ መሆናቸውን ጠየቋቸው።

«ነኝ» አሉ። «ከሁለቱ የቀረሁት።»

«ሌላው ማን ነበር?»

«ወንድሜ ነዋ። እናቴ እንደነገረችኝ እኔን አዝሎ ውሃ ሊቀዳ ወረደ። ሲመለስ ደከመውና ከዋርካው ሥር አወረደኝ። የሰው ሌቦች መጡ። እሱን ወሰዱት፣ እኔን ትንሽ ናት ብለው ተዉኝ። እናቴ በየመስቀሉ ቡላ በቅቤ ሠርታ ድርሻውን ታስቀምጥለት ነበር። ስትሞት ለእኔ አደራ አለችኝ። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ተዪው ብለውኛል። እሺ እላቸዋለሁ፣ አስቀምጣለሁ።» ገበታውን በእጃቸው ዳሰሱት።

አቶ ዋለ ይህን ለእንግዶቹ ተረጎሙላቸው። ከድር ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። ሱልጣን ሄዶ ከእማማ ጣቢታ እግር ሥር ተንበረከከና ማን እንደሆነ በአቶ ዋለ አስተርጓሚነት ነገራቸው። አሮጊቷ አልጮሁም። ፊቱን ከግንባሩ ጀምረው በጣታቸው አንድ በአንድ ዳሰሱት፤ ከዚያ ኮባውን ገልጠው ቡላውን በእጃቸው አጎረሱት። ቀዝቅዞ ነበር። ሱልጣን እንባውና ቅቤው ተደባልቆ እየወረደ ዋጠው።

ሐጂ ረሺድ ወግ አያስቀሩም። «የእማማን አባቶች እንስማ» አሉ። እማማ ጣቢታ ከላምቦሬ ጀምረው ሰባት አልፈው እስኪበቃ ቆጠሩ። አቶ ዋለ ከአይሻ ወገን ጋር አስተያዩት፤ አንድም ስም አልገጠመም። «አሁን ምስክር አመጣህ» አሉ ሐጂ። «ልጄን ወስደሃል።»

እማማ ጣቢታ ግን የሱልጣንን እጅ አልለቀቁም። አንድ የቀራቸው ጥያቄ ነበር፤ ምናልባት ዕድሜያቸውን ሁሉ ሲጠይቁት የኖሩት።

«እኔን እሱ አዘለኝ» አሉ። «እሱንስ ያን ሁሉ ዘመን ማን አዘለው?»

ሱልጣን ወደ አባቱ አየ። ከድር አንገቱን ነቀነቀለት።

«ፈትሂ» አለ ሱልጣን። «ከዚያ ሰሊም። ከዚያ ሙባረክ። በመጨረሻም መንሱር።»

አሮጊቷ ስሞቹን ከአፋቸው ሳያወጡ በከንፈራቸው ደገሙ። «አደራ» አሉ፣ «ልጆችህን ስታስቆጥር እነሱንም እንዳትዘላቸው።»

ሐጂ ረሺድ አቶ ዋለን አዩ። አቶ ዋለ፣ ደንቡን ከሁሉም በላይ የሚያውቁት ሰው፣ አፍንጫቸውን በጋቢያቸው ጠረጉና «ይቆጠሩ» አሉ።