ታፋ ያልቀመሰው ንፍሮ

ታፋ ዛሬም ንፍሮውን አልነካም። ሳህኑ ሲቀርብለት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ በአክብሮት መለሰው፤ ከዚያም እንደ ትናንቱ መሬት መሬት እያየ ተቀመጠ። ድርቤ ከድንኳኑ ጥግ፣ ከፍራሹ ላይ ሆና አየችው። እሷ ብቻ አይደለችም፣ ድንኳኑ ሙሉ አይቶታል። በቡርቃ ሊበን ሰው ቂም የያዘበትን ቤት እህል አይቀምስም። ቂም የያዘ ሰው ደግሞ ለቅሶ ደርሶ ይሄዳል እንጂ ቀን በቀን አይመላለስም። ታዲያ ይሄ ግንበኛ ምን ፍለጋ ነው የሚመጣው?

«ጀባዱ፣ ኢንታላ ኮ» አሏት ከኑኑ ቁምባ የመጡ አሮጊት እጇን ጨብጠው። «በርቺ ልጄ፣ ጌታ ያጽናሽ።»

«አሜን» አለች፤ ዓይኗን ግን ከታፋ ላይ አላነሳችም።

ባሏ እንደ ልጅ ያሳደገው ታናሽ ወንድሙ ኤባ ጎንበስ ብሎ ጆሮዋ ሥር ደረሰ። ከቀብሩ ጀምሮ እንደሱ ያለቀሰ የለም፤ ድምፁ ተዘግቷል። «ይሄ ሰው የሚመጣው ለሱቁ ነው፣ አዴ» አላት። «ይፍረስ ብሎ ሰው ሊያነሳሳ ነው። እንዳታናግሪው። ሱቁ ከሄደ በምን ልትኖሪ ነው?»

ይህን እንኳ እውነቱን ነው። ድርቤ ከዚያ ሱቅ ሌላ መተዳደሪያ የላትም።

ሟቹ ባሏ መገርሳ ከንቲባ ከመሆኑ በፊት ሚስማር ሻጭ ነበር። ገበያው ዳር የለስላሳ ሳጥን ገልብጦ፣ ሚስማር በኪሎ እየመዘነ ጀመረ። ከሚስማር ወደ ቆርቆሮ፣ ከቆርቆሮ ወደ ሲሚንቶ አደገ። ሱቁን የሠራለት ታፋ ነው፤ ያኔ ከአርጆ የመጣ ወጣት ግንበኛ ነበር። መገርሳ ድንጋይ ያቀብላል፣ ታፋ ይገነባል፣ ድርቤ ምሳ ታመጣለች፣ ሁለቱ ከአንድ ትሪ ይበላሉ። ሚዛን የማያጭበረብር ነጋዴ በአገሩ ብርቅ ነውና ሰዉ «ይሄ ሰው ይምራን» አለ። ተሾመም።

ሹመቱ ደግ ነበር፣ የመንገዱ ነገር እስኪመጣ። ዋናው መንገድ ይስፋ ተባለና በሚፈርሰው ግንብ ሁሉ ላይ ቀይ ምልክት ተቀባ። ታፋ ለሚስቱ የሠራላት ሻይ ቤት ላይ ተቀባ፤ የመገርሳ ሱቅ ላይም ተቀባ። አንድ ማለዳ ግን ከተማው ሲነሳ የሱቁ ምልክት የለም። ግንቡ ገና ባልደረቀ አረንጓዴ ቀለም ተለቅልቋል። ዶዘሩ መጥቶ ሻይ ቤቷን አፈረሰ፤ አረንጓዴው ጋ ሲደርስ አልፎ ሄደ። መንገዱ እዚያ ቦታ ላይ እስከ ዛሬ ጠባብ ነው፤ ያለፈ ያገደመው ሁሉ ያያል።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» አለ ሰው። «የኛውን ከንቲባ እንኳ አይቆጨውም።»

ድርቤም እንደ ሰው አመነች። ያን ማለዳ ከቤት ስትወጣ ኤባን ቧንቧው ሥር እጁን በነጭ ጋዝ ሲያሽ አግኝታው ነበር። ከንጋት ጀምሮ ሱቁን የሚከፍት እሱ ነው። «የሞተር ሳይክሉ ግራሶ ነው» አላት፤ አልፋው ሄደች። ወሬውን ሰምታ ስትመለስ ባሏ ሻይ እየጠጣ ነበር።

«አንተ ነህ ያጠፋኸው?»

መገርሳ ብርጭቆውን አስቀመጠ። «እኔን ትጠረጥሪኛለሽ?» አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ሲባል እየሰማች ያደገች ሴት ናት፤ ዝምታውን እንደ ማመን ቆጠረችበት። ከዚያ ወዲያ ባንድ ቤት ኖሩ እንጂ አልተጫወቱም። አንድ ቀን ስብሰባ ላይ ደረቱን ይዞ ወደቀ፤ ወደ ነቀምቴ ሲወስዱት መንገድ ላይ አረፈ።

ድንኳኑ በሚነሳበት ዕለት ታፋ ንፍሮውን እንደገና ሲመልስ ትዕግሥቷ አለቀ። ከፍራሹ ተነሥታ ፊቱ ቆመች። የዕድሩ ሰዎች ወሬያቸውን አቋረጡ።

«ታፋ፣ ከጠላኸው ለምን ትመጣለህ? ካልጠላኸውስ ለምን አትበላም?»

ታፋ ኮፍያውን በእጁ አሻሸ። «አፍሬ ነው» አለ። «ሊሞት ሰሞን፣ እሑድ ከጸሎት መልስ ቤቴ መጥቶ ነበር። ‹መዶሻህን ይዘህ ና፤ ሱቁን አብረን ሠርተነው የለ፣ አብረን እናፍርሰው› አለኝ። ‹ማዘጋጃ ቤቱ በእጅህ አይደለም ወይ?› አልኩት። ‹ማዘጋጃ ቤቱ ከገባበት ምልክቱን ያጠፋው ይታሰራል። ያጠፋው ያሳደግሁት ልጅ ነው። ድርቤም ካወቀች ከቤት ታስወጣዋለች› አለኝ። እኔ ሊያላግጥብኝ የመጣ መሰለኝ፤ በሩን ዘጋሁበት። አሁን የሱን እህል በምን አፌ ልቅመስ?»

«ውሸቱን ነው» አለ ኤባ ከኋላ። ወዲያው ልቅሶውን ለቀቀው፤ ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮሃል።

ድርቤን የዚያ ማለዳ የነጭ ጋዝ ሽታ ትዝ አላት። መገርሳ ሻዩን ያስቀመጠበት እጅ መጣባት። ባሏን ሳታምነው ቀበረችው፤ ከእንግዲህ ይቅር በለኝ የምትልበት ቦታ የለም። ይህ ከሞቱ ይልቅ አንጀቷን ቆረጠው።

«ኤባ» አለች፤ ድምጿን ከፍ አላደረገችም። «እጅህን በነጭ ጋዝ ያሸህበት ቧንቧ አሁንም ደጄ ላይ አለ።»

የኤባ ልቅሶ ቆመ። «ለናንተ ብዬ ነው» አለ። «ምን ትበላላችሁ ብዬ ነው።»

«እሱማ በልቶ ሞተ ተባለ።»

ድርቤ ወደ ታፋ ዞረች።

«ሰኞ መዶሻህን ይዘህ ና» አለችው ታፋን። «ፊት ለፊቱን እናፍርሰው። ከኋላ የምትተርፈው ክፍል ለሚስማር ትበቃኛለች። ኤባ ድንጋይ ያቀብልሃል፤ ወንድሙ ያቀብልህ እንደነበረው።»

ከዚያ ከአንዷ ሴት እጅ ማንቆርቆሪያውን ወሰደች። «ተይ እንጂ፣ ኀዘንተኛ አታስተናግድም» አሏት፤ አልሰማቻቸውም። ታፋ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አኑሮ ሁለት እጁን ዘረጋ። አስታጠበችው። ሳህኑ ሲመጣለት ጥቂት ንፍሮ ዘግኖ አፉ ውስጥ ከተተ። ድርቤ ውሃው ያለቀበትን ማንቆርቆሪያ እንዳዘነበለች፣ ሲያኝክ ቆማ አየችው።