በአንድ ጉዞ የተጫነ ቤት

ሮላንድ ዕቃ መጫን ያውቅበታል። ስሞላንድ በሚባለው አውራጃ ያሉት ዘመዶቹ ሁሉ ይህን ይመሰክሩለታል። ሌላው ሰው ተመላልሶ የማይጨርሰውን እሱ የኋላ በሯ ወደ ላይ በሚከፈተው ትንሽ መኪናው በአንዴ ይወስደዋል። ስለዚህ የእናቱ የወይዘሮ ሲግኔ ቤት ተሽጦ ወደ አረጋውያን መኖሪያ ሊገቡ ሲሉ፣ የጭነት መኪና እንከራይ ያለ ሰው አልነበረም።

ሲግኔ ካፖርታቸውን ለብሰው ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ያዩታል። ሮላንድ የኋላ ወንበሮቹን አጠፈ። የበፍታ ጨርቆች የሞሉበትን ከባድ ሣጥን ከሥር አድርጎ ወደ ፊት አስጠጋው። የጠረጴዛውን እግሮች ነቅሎ በጎን ሰካቸው። ብርጭቆዎቹን በሟች አባቱ ሸሚዞች እየጠቀለለ የመዳብ ድስቶቹ ውስጥ ሞላ። የግድግዳው ሰዓት እንዳይንኳኳ የእናቱን ብርድ ልብስ ዙሪያውን ጠቀጠቀበት።

በመጨረሻ እናቱ ዕድሜያቸውን ሙሉ ምንጣፍ የሸመኑበትን መሸመኛ ፈታትቶ ሲያወጣው ፊታቸው በራ። አዲሱ ክፍላቸው መስኮት ሥር እንደሚያቆሙት ለጎረቤት ሁሉ ነግረው ነበር። ረጃጅሞቹ እንጨቶች አልገባ ሲሉት የፊቱን ወንበር ወደ ኋላ አስተኝቶ እስከ መስታወቱ ድረስ ዘረጋቸው። በሩን በዳሌው ገፍቶ ዘጋ። ራቅ ብሎ አየውና ፎቶ አንስቶ ለሚስቱ ለአኔሊ ላከላት።

ሲግኔ የእጅ ቦርሳቸውን ይዘው ፊተኛው በር አጠገብ ቆሙ።

«እኔስ የት ልቀመጥ?»

ሮላንድ ወደ ውስጥ አየ። ጨርሶ አላሰበበትም ነበር።

«አውቶቡስ አለ አይደል፣ እማ። በሩ ላይ ነው የሚያወርድሽ።»

«እንጨቶቹን አውጣቸውና ሌላ ቀን ታመጣቸዋለህ።»

«አንዱን ከነካሁት ሁሉም ይናዳል። ደሞ እዚያ ምን ያደርግልሻል? ክፍሉ አልጋም ወንበርም አለው። ይሄ ባሕሩ ዳርቻ ወዳለው ቤታችን ነው የሚሄደው። እንጨቶቹን አኔሊ ግድግዳ ላይ ልትሰቅላቸው ነው።»

ሁሉም ነው ወይ ብለው ጠየቁት። ሁሉም ነው አላቸው። ብርድ ልብሱን እንኳ እንዲሰጣቸው ለመኑት። ብርድ ልብሱ ከወጣ ሰዓቱ እንደሚሰበር፣ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ፣ ለሕፃን እንደሚያስረዱት አድርጎ አስረዳቸው። ከዚያ አቀፋቸውና ሄደ።

መኖሪያው ሲደርሱ ነርሷ ዕቃቸው የት እንዳለ ጠየቀቻቸው። ልጄ ከነመሸመኛዬ ከኋላዬ እያመጣው ነው አሏት። በእሱ ድርጊት ያፈሩት እሳቸው ነበሩ። ነርሷም ለመሸመኛው ቦታ እንዲሆን ብላ መስኮቱ ሥር የነበረውን ጠረጴዛ ወደ ኮሪደሩ አወጣችው።

አመሻሹ ላይ ሮላንድ ደወለ። ደስ ብሎታል።

«አንድ ብርጭቆ እንኳ አልተሰነጠቀም፣ እማ።»

«ጎበዝ ነህ» አሉት። መቼ እንደሚመጣ ሊጠይቁት ሲሉ አኔሊ መሰላሉን ያዝልኝ ብላ ስትጠራው ተሰማ፤ ስልኩ ተዘጋ።

መስኮቱ ሥር ያለው ቦታ እስከ መኸር ባዶውን ከረመ። በኋላ ነርሷ ምንም ሳትጠይቅ ጠረጴዛውን መለሰችው።