የዶሮዎች ድርሻ

መብራት ከጠፋ ሰንብቷል፤ የቆሰበር ወፍጮ ቤቶች ሁሉ ዝም ብለዋል። ቤዛዊት ደግሞ ነገ ማኅበርተኞች ይመጡባታል። ባለፈው ወር ጽዋውን ስትቀበል በሰው ሁሉ ፊት «ዳቦውን በእጄ ጋግሬ አበላችኋለሁ» ብላለች። ካገባች ወዲህ የመጀመሪያ ድግሷ ነው።

«ከዳንግላ ዳቦ ላስመጣ?» አለ ባሏ ይኸነው።

«ቃል የገባው ዳንግላ ነው?»

ከጓሮ የተጣለውን የአማቷን የድንጋይ ወፍጮ አስገባች። ፊቱ ለስልሷል። እንዲሻክር ከዳር እስከ ዳር በሹል ድንጋይ እየመታች ወቀረችው፤ ጠርጋ ስንዴውን አፈሰሰችበትና መጁን ይዛ ተንበረከከች። ቀትር ላይ አብዛኛውን ፈጭታ ነበር።

ጎረቤቷና ማኅበርተኛዋ እትዬ እታለማሁ ገቡ። ከዱቄቱ ቆንጠር አድርገው ቀመሱ።

«መቼ ወቀርሽው?»

«ዛሬ ጠዋት።»

«የዶሮዎቹስ ድርሻ?»

ቤዛዊት አልገባትም።

«አዲስ የተወቀረ ወፍጮ መጀመሪያ ለዶሮ ነው የሚፈጨው፤ ድንጋዩ ይረግፋል። ይኼን ጋግረሽ ካቀረብሽልኝማ የቀሩኝን ጥርሶች አንቺው ትለቅሚያቸዋለሽ!»

ቤዛዊት ቀመሰች። ቀጭ አለ። በወንፊት ነፋችው፤ ቀጭ። በስስ ነጠላ ነፋችው፤ ያው ነው። ድንጋዩ ከዱቄቱ እኩል ደቋል።

«የቀረው ስንዴ ትንሽ ነው» አለ ይኸነው። «ቀላቅይው፤ ማን ያውቃል?»

«እኔስ አልናገርም» አሉ እታለማሁ። «ጥርስ ግን ሐሜተኛ ነው።»

ቤዛዊት ዱቄቱን አንስታ ለዶሮዎቹ በተነችው። ወፍጮውን ፈትጋ አጠበች፤ ፀሐይ ላይ አደረቀችው። እፍኝ ገብስ ፈጨች፤ ቀመሰች፤ ደፋች። ሌላ እፍኝ ደገመች። ጥርሷ ምንም ባይሰማ ጊዜ ነው የቀረውን ስንዴ የጨመረችው። በእጅ የተፈጨ ዱቄት ውኃ የሚጠጣው ቀስ ብሎ ነውና ሊጡን አልቸኮለችበትም። ማታ በእርሾ አቡክታ አሳደረችው፤ ሲነጋጋ በኮባ ቅጠል ጠቅልላ ጋገረችው።

ማኅበርተኞቹ ተሰበሰቡ። ዳቦው ሲቀርብ ሰፌዱ ሰፋበት።

«ይቺ ዳቦ ናት ወይስ የዳቦ ልጅ?» አለ ቢሻው የሚባለው ቀልደኛ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ።

ቤዛዊት አልሳቀችም። ዓይኗ የእታለማሁ አገጭ ላይ ነበር። ተባርኮ ተቆረሰ። እታለማሁ ቀስ ብለው አላመጡ፤ ቆም አሉ፤ ደግሞ አላመጡ፤ ዋጡ። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ።

«ድገሚኝ።»

«አይበቃም እኮ፣ እትዬ። ለሰው አንድ አንድ ቁራሽ ነው የሚደርሰው።»

«እንግዲያው የቢሻውን አምጪልኝ። ዳቦ አይደለም ብሏል።»

ቢሻው ቁራሹን በሁለት እጁ ሸፈነ።